የምታጠባ እናት የብረት ማዕድን እንዳያንሳት ከማሳና ከጓሮ ምን ይገኛል?

መግቢያ

በጉቶ ጊዳና በነቀምት ዙሪያ ያለው መሬት በአብዛኛው ቀይ ነው። አፈሩን ያቀላው በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ሲሆን፣ በክረምት እግርንና የልብስን ጫፍ የሚያቀልመውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ብረት በሞላበት መሬት ላይ እያረሱና እያረሙ ከሚኖሩ እናቶች መካከል የደም ማነስ ያለባቸው ጥቂቶች አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በመላ ሀገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ 100 ሴቶች ውስጥ 24ቱ፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነ 100 ሕፃናት ውስጥ ደግሞ 57ቱ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ለዚህ ችግር ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ የብረት ማዕድን እጥረት ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ነው፣ እናንተ የእርሻ ሰዎች ምን አገባችሁ ይባል ይሆናል። እኛም ቀድሞ እንደዚሁ እናስብ ነበር። አንድ ክረምት ግን የዳጉሳ ማሳ ለማየት በሄድንበት ቀበሌ፣ ከወለደች አራት ወር የሆናት አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ስታርም አገኘናት። ጥቂት እርምጃ አርማ ትቀመጣለች፤ ተነሥታ ጥቂት ታርምና እንደገና ትቀመጣለች። አማቷ «ዘንድሮ ሰነፈችብን» አሉን። እኛም የጤና ነገር ይሆናል ብለን ሳንጠረጥር፣ ስለ አረሙ ብዛትና አረሙ በወቅቱ ባለመነቀሉ ስለሚቀንሰው ምርት ስናስረዳ ቆየን። በኋላ በጤና ጣቢያ ስትመረመር ደሟ እጅግ አንሶ ተገኘ። እናቲቱ አልሰነፈችም፤ ለጡንቻዋ አየር የሚያደርስላት ደም ነበር ያነሳት። ይህን በራሪ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ቀን ነው።

1. ብረት በሰውነት ውስጥ ያለው ሥራ

ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ነው። ሄሞግሎቢን ከሳንባ ንጹሕ አየር ተቀብሎ ወደ መላ ሰውነት ያደርሳል፤ የሚሠራውም ከብረት ነው። ብረት ሲያንስ ሄሞግሎቢን ያንሳል፤ ሄሞግሎቢን ሲያንስ ሰውነት የሚሠራበት አየር ያጣል። ስለዚህ ደም ያነሳት እናት ቶሎ ትደክማለች፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ልቧ ይመታል፤ ራሷን ያዞራታል። የዐይኗ ቆብ ውስጡና መዳፏ ይገረጣል። አንዳንዶች አፈር የመብላት አምሮት ያድርባቸዋል።

ደም ማነስ በትክክል የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም አንሷታል ይባላል። ነገር ግን በከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ይህን ለማካካስ ተጨማሪ ደም ይሠራል። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች መለኪያው ለከፍታው ተስተካክሎ ከፍ ይላል። በዚህም የተነሣ በቆላ ደኅና ነው የሚባል ቁጥር በደጋና በወይና ደጋ ላይበቃ ይችላል።

2. የወላድ እናት የብረት ሒሳብ

ገበሬ ጎተራውን እንደሚያሰላ ሁሉ የሰውነትም የብረት ጎተራ ገቢና ወጪ አለው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይይዛል። በእርግዝና ጊዜ ለእናቲቱ፣ ለጽንሱና ለእንግዴ ልጁ በጠቅላላው 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ከወሊድ በኋላ ወደ እናቲቱ ጎተራ ይመለሳል። በወሊድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ደም ቢፈስ 250 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ ደግሞ ጎተራው ባዶውን ይቀራል።

ማጥባት ራሱ ግን ብዙ ብረት አይወስድም። በእናት ጡት ወተት የሚወጣው ብረት በቀን ከ0.3 ሚሊ ግራም አይበልጥም። ሕፃኑ ጡት ብቻ በሚጠባበት ወቅት የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ስለሚዘገይ በደም የሚወጣው ብረትም ይድናል። ስለዚህ «ደም ያነሳት እናት ጡት ታስጥል» የሚለው ምክር ስሕተት ነው። ማጥባቱ መቀጠል፣ ጎተራውም መሞላት አለበት።

የምታጠባ እናት በየቀኑ ከምግብ ወደ ደሟ ማስገባት የሚኖርባት ብረት 1.1 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከእህልና ከቅጠላ ቅጠል የምናገኘው ብረት ከተበላው 100 እጅ ብዙ ጊዜ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው ወደ ደም የሚገባው። ምግቡ በሚገባ ከተቀናጀ 10 እጅ ሊደርስ ይችላል። ከሥጋ የሚገኘው ብረት ግን ከ15 እስከ 35 እጅ ይገባል።

አሁን እናስላ። አንዲት እናት በቀን 15 ሚሊ ግራም ብረት ያለበት ምግብ በላች እንበል። 5 እጅ ብቻ ከገባ 0.75 ሚሊ ግራም ታገኛለች፤ ይህ አይበቃትም። 10 እጅ ከገባ ግን 1.5 ሚሊ ግራም ታገኛለች፤ ይህ ይበቃታል፣ ለጎተራዋም ይተርፋል። የተበላው ምግብ በብረት መጠኑ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአዘገጃጀቱና አብሮት በሚበላውና በሚጠጣው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

3. «ቀይ ጤፍ እየበላሁ ደም እንዴት ያንሰኛል?»

ይህን ጥያቄ በየቀበሌው እንሰማለን። ጥያቄውም ተገቢ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ምግብ ዳሰሳ፣ ጤፍ የሚበላው ሕዝብ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ የበለጠ ብረት እንደሚበላ አሳይቶ ነበር። እኛም ይህን ይዘን «ጤፍ ለደም» እያልን ስንመክር ቆይተናል።

በኋላ ግን ነገሩ በጥልቀት ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ የጤፍ ፍሬ በአሲድ ታጥቦ አፈሩ ሲለቅለት የብረቱ መጠን ከሌሎቹ እህሎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የተረፈው ብረት ከየት መጣ? ከአውድማ። ጤፍ በመሬት ላይ በበሬ ሰኮና ሲወቃ ቀይ አፈር ከደቃቁ ፍሬ ጋር ይቀላቀላል፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነም በማንገዋለል ሙሉ በሙሉ አይለይም። በአፈር መልክ የሚገባው ብረት ደግሞ በአብዛኛው ሳይሟሟ በአንጀት አልፎ ይወጣል።

ይህ ማለት ጤፍ ጥሩ ምግብ አይደለም ማለት አይደለም። በፍሬው ውስጥ ያለው የራሱ ብረት አለ። እንጀራ ሲቦካም በእህሉ ውስጥ ብረትን ቆልፎ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ቀን በእርሾ በደንብ የቦካ ሊጥ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። በዚሁ ምክንያት የዳጉሳና የበቆሎ ዱቄትም ሳይቦካ ቂጣ ሆኖ ከሚበላ ቦክቶ ቢጋገር ይመረጣል። ማለት የምንፈልገው ግን ይህ ነው፦ ቀይ ጤፍ ብቻውን አደራ የሚጣልበት አይደለም።

4. በአካባቢያችን የሚገኙ ጠቃሚ ምግቦች

ሀ. ቦለቄ (አደንጓሬ)። 100 ግራም ደረቅ ቦለቄ 6 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይሰጣል። ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል ብረቱን የሚይዘውን ነገር ይቀንሳል፤ ማገዶም ይቆጥባል። ቀይ ቦለቄ እስኪበስል ድረስ በደንብ ተንተክትኮ መቀቀል አለበት፤ ያልበሰለ ሆድ ያሳምማል። ምስር፣ ባቄላና ሽንብራም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ለ. የሐበሻ ጎመን። ጎመን ብረትም ቫይታሚን ሲም አለው። ብዙ ጊዜ ግን ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ይደፋል፤ ከውኃውም ጋር ጥቅሙ ይሄዳል። ጎመኑን ካጠቡ በኋላ ከትፎ በጥቂት ውኃ ለአጭር ጊዜ ማብሰል፣ ውኃውንም አለመድፋት ይገባል።

ሐ. አንጮቴ። በወለጋ አንጮቴ ለወላድና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይመረጣል፤ የምታጠባ እናትንም ያበረታል ተብሎ ይታመናል። ሥሩ ኃይል ሰጪና በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ የአባቶችና የእናቶች ልማድ መሠረት አለው። ብረትም አለው፤ ሆኖም የብረት ጎተራን ለመሙላት ብቻውን አይበቃም። ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተሠርቶ ይበላል፤ ይህን ልማድ የተዉ ቤተሰቦች ቢመልሱት ይጠቀማሉ።

መ. ሥጋ፣ ጉበት፣ ዶሮና ዓሣ። ብረታቸው በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ከዚያም በላይ ጥቂት ሥጋ ከቦለቄ ወይም ከጎመን ጋር ሲበላ የቅጠሉና የእህሉ ብረት ጭምር የበለጠ እንዲገባ ይረዳል። ስለዚህ በበዓል ቀን አንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማግኘት ይመረጣል። ጾም የምትጾም እናት ቦለቄውን፣ ጎመኑንና ፍራፍሬውን ማብዛት ይኖርባታል።

ሠ. ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ማንጎና ጥሬ ቃሪያ። እነዚህ ብዙ ብረት የላቸውም። ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት አሟሙቶ ወደ ደም ያስገባል። ቫይታሚኑ በሙቀት ስለሚጠፋ ሎሚው ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቅበት፤ ቃሪያውም ጥሬውን ይበላ። ዘይቱን በየአጥሩ ሥር እየረገፈ ሲበሰብስ እናያለን፤ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ወላዷም ከምግቧ ጋር ትብላው።

ረ. የብረት ድስት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በሀገራችን የተደረገ ሙከራ፣ በብረት ድስት የተቀቀለ ምግብ የበሉ ሕፃናት በአልሙኒየም ድስት ከተቀቀለላቸው ይልቅ ደማቸው የተሻለ ሆኖ እንደተገኘ አሳይቷል። የብረት ድስት ያለው ቤተሰብ ወጡን በእርሱ ቢሠራ መልካም ነው።

5. የቡና ሰዓት

በወለጋ ስለ ቡና ክፉ የሚናገር ሰው ጆሮ አያገኝም፤ እኛም ቡና ጠጡ እንጂ ተዉ አንልም። የምንለው ሰዓቱን ለውጡ ነው። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት የሚይዙ ነገሮች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 እጅ ቀንሶታል፤ ሻይ ደግሞ በ64 እጅ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ግን ምንም አልቀነሰም። አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ጎድቷል።

ስለዚህ ለምታጠባ እናት የሚሻለው ቡናው ቀድሞ ተፈልቶ፣ አቦል፣ ቶናና በረካው ካለቀ አንድ ሰዓት በኋላ ምግቡ ቢቀርብ ነው። ምግቡ ከቀደመ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይና ቡናው ይፈላ። ለዚህ ምንም ወጪ የለበትም። ጎረቤት ተሰብስቦ በሚጠጣበት ቤት ግን አንዲት እናት ብቻዋን ሰዓቱን ልትለውጥ ስለማትችል፣ አማቶችና ጎረቤቶች ተነጋግረው ቢያስተካክሉላት ይገባል።

6. ለአንዲት እናት የሚበቃ የጓሮ ማሳ

10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በቤት አቅራቢያ ይለይ። አመድ፣ ፍግና የቤት ጥራጊ እዚያው ስለሚወድቅ ብዙውን ጊዜ የጓሮ መሬት ለም ነው።

- ቦለቄውን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፣ በመስመሮች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር በማራራቅ ይዝሩ። ለዚህ ቦታ አንድ ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃል። እንደ ናሲር ያሉ የተሻሻሉ ቀይ የቦለቄ ዝርያዎችን ለማግኘት የቀበሌውን የእርሻ ባለሙያ ይጠይቁ።
- ከተዘራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል፣ ከዚያም አበባ ከማውጣቱ በፊት ይታረም። ቅጠሉ ረጥቦ ሳለ ማሳው ውስጥ መግባት በሽታ ያዛምታልና ጤዛው እስኪረግፍ ይጠብቁ።
- በሄክታር 20 ኩንታል በሚገኝበት ሒሳብ ከዚህ ቦታ 20 ኪሎ ይገኛል። ይህም በቀን 100 ግራም ለምትበላ እናት 200 ቀን ያዳርሳል።
- ቦለቄው በጥቅምት ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጎመን ይተከልበት። ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ከመደብ ተነሥቶ በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 40 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይተከላል። በበጋ የዕቃ እጣቢ ውኃ ይጠጣ። የታች ቅጠሎች ብቻ እየተለቀሙ እምብርቱ ከተተወ ለወራት ይለቀማል።
- በአጥሩ ዙሪያ አንድ ሎሚና አንድ ዘይቱን፣ በአጥሩ ላይ የሚወጣ አንጮቴ ቢተከል ቦታ አይሻሙም። ለዘር የሚሆነውን የአንጮቴ እናት ሥር፣ በአካባቢው አጠራር ጉቦ የሚባለውን፣ አውጥተው አይጨርሱት።

የጓሮው ቦለቄ ለገበያ ወጥቶ እናቲቱ ሳታገኘው ከቀረች ድካማችን ከንቱ ነው። ስለሆነም አባወራዎች ይህን 20 ኪሎ ከሽያጩ አስቀድመው ለይተው እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን።

7. ሕፃኑስ?

ሕፃን ሲወለድ ለስድስት ወር ያህል የሚበቃውን ብረት በሰውነቱ ይዞ ይወለዳል። እናቲቱ ብዙ ብረት በልታ በጡት ወተቷ ያለውን ብረት ከፍ ማድረግ አትችልም። ስለዚህ፦

- በወሊድ ጊዜ እትብቱ ወዲያው ሳይቆረጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ለሕፃኑ ተጨማሪ ደምና ብረት ይሆነዋል። ይህን የሚያደርገው አዋላጁ ባለሙያ ነው፤ በጤና ተቋም መውለድ ከሚጠቅምባቸው ምክንያቶችም አንዱ ይኸው ነው።
- እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይሰጠው።
- ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ፣ የተፈጨ ቦለቄ፣ የተላመ ጎመንና ሲገኝም የደቀቀ ጉበት ወይም ሥጋ የገባበት ገንፎ ይጀመር። የበቆሎ ገንፎ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ደም አይሞላም። ለሕፃን ሻይና ቡና አይሰጥ።

8. ምግብ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

ከነቀምት ወደ አንገር ሸለቆ በሚወርዱት ቆላማ ቀበሌዎች ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል። በባዶ እግር በሚሄዱበትና መጸዳጃ በሌለበት ስፍራ ደግሞ መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። እነዚህ ሳይታከሙ ብረት መመገብ በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። አጎበር፣ ጫማና መጸዳጃ ቤት የደም መጠበቂያ ናቸው ማለት ይቻላል። ከአንድ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ማራራቅም ጎተራው እንዲሞላ ጊዜ ይሰጣል።

ጎተራው ባዶ የሆነባት እናት በምግብ ብቻ ቶሎ አትሞላውም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ማነስ በስፋት በሚታይባቸው አካባቢዎች እናቶች ከወለዱ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የብረት እንክብል እንዲወስዱ ይመክራል። እንክብሉን በጤና ባለሙያ ምክር፣ ከቡናና ከሻይ አርቆ መዋጥ ያስፈልጋል። ዐይነ ምድር ቢጠቁር አያስደንግጥ። ሆድን ከረበሸ ለባለሙያው ነግሮ ማስተካከል እንጂ ማቆም አይገባም። እንክብሉ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት፣ ተቀምጣ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥራት ወይም ራሷን የምትስት እናት ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

ማጠቃለያ

1. ቦለቄ ዘፍዝፎ መቀቀል፤ ጎመንን ለአጭር ጊዜ አብስሎ ውኃውን አለመድፋት።
2. በየምግቡ ላይ ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ፍራፍሬ መጨመር።
3. ቡናን ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ መጠጣት።
4. ሊጥን በደንብ ማቡካት፤ በቀይ ጤፍ ብቻ አለመተማመን።
5. በጓሮ 100 ካሬ ሜትር ለወላዷ መለየት።
6. ማጥባትን አለማቋረጥ፤ ከስድስት ወር በኋላ ለሕፃኑ ብረት ያለበት ምግብ መጀመር።
7. ድካም ሲበዛ መመርመር፤ ወባንና ትልን መታከም።

በመግቢያው ያነሣናት እናት ሕክምናዋን ተከታትላ፣ የታዘዘላትን እንክብል ጨርሳ፣ በጓሮዋም ቦለቄና ጎመን ዘርታ በሚቀጥለው ክረምት ስናገኛት እንደ ሰው ስታርም አየናት። አማቷም «ሰነፈች» ማለቱን ትተዋል። በየማሳው ቶሎ ቶሎ የምትቀመጥ የምታጠባ እናት ስታዩ፣ ስለ አረሙ ከመናገራችሁ በፊት ስለ ደሟ ጠይቁ። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው።